ነገረ ፈጅ መጨረሻ ላይ አይጠራ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ በየድርጅቱ የሕግ ክፍል በነገረ ፈጅነት የምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንግዶቻችን፣ እንዴት አደራችሁ! ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ከሐይቅና ከባቲ ማልዳችሁ ኮምቦልቻ የገባችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ብዙ አላወራም። አንድ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት፣ እሱን ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ድርጅቶቻችን ብዙውን ክስ የሚሸነፉት ገና ቢሮ ውስጥ ነው፣ እኛ ፋይሉን ሳናየው። ችሎት የምንቆመው ካለቀ በኋላ ነው።

የሥራ ክርክርን እንውሰድ። አንድ ሠራተኛ ያጠፋል። የቅርብ አለቃው ያውቃል፣ ለሰው ሀብት ይጽፋል። ሰው ሀብት ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ከኮሚቴው አንዱ መስክ ወጥቷል ተብሎ ይጠበቃል፣ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ይከርማል፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ናቸው። በስንት ጊዜው የስንብት ደብዳቤ ይወጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ግን ግልጽ ነው። አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ያጣዋል። ሰውየው በእርግጥ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ካለፈ ግን ምስክር ብትደረድሩ አይረዳም። ወይ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ወይ የ180 ቀን ደመወዙ በካሳ ይከፈለዋል፣ በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ። እኛ ይሄን ሁሉ የምንሰማው መጥሪያ ሲመጣ ነው።

ደብዳቤው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሕጉ የስንብቱ ምክንያትና ስንብቱ የሚጸናበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽ ይላል። «በፈጸሙት ከባድ ጥፋት ተሰናብተዋል» ብላ የምታልቅ የአንድ መስመር ደብዳቤ ስንቶቻችን እጅ ገብታለች? የቱ ጥፋት? መቼ የተፈጸመ? በዚያች ደብዳቤ ላይ ተመሥርቶ መልስ ጻፉ እንባላለን። ሠራተኛውም እኮ ለምን እንጀራው እንደተቋረጠ የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤ ሳይፈረም እናንብበው። አያስፈልግም ቢሏችሁም ጠይቁ።

የግብር ጉዳይ ላይ ደግሞ ደብዳቤው ሂሳብ ክፍል ገብቶ ይቀራል። በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው የታክስ ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ሂሳብ ክፍል ቁጥሩን ሲያመሳክር ሁለት ሳምንት ካለፈ ለእኛ ምን ተረፈን? ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ደግሞ ከሚከራከሩበት ታክስ 50 በመቶውን ማስያዝ ግድ ነው። ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጀምበር አይገኝም። ቀድሞ የተነገረው ሥራ አስኪያጅ ያዘጋጃል፣ ያልተነገረው ደግሞ በነገረ ፈጁ ይቆጣል።

አሁን ኮምቦልቻ ቆሜ ስለ ወንዞቿ ሳልናገር ብወርድ ይከነክነኛል። ለዮሌና ወርቃ በከተማዋ አልፈው ቦርከና ይገባሉ። የፋብሪካ ፍሳሽ ሲለቀቅባቸው ኖሯል፣ ተመራማሪዎችም ውሃው ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳገኙ ጽፈዋል። ከታች ያለው ገበሬ ማሳውን የሚያጠጣው፣ ከብቱን የሚያሰማራው እዚያው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንዳንዶቻችን እንደ ጌጥ ነው የምናየው። አንቀጽ 11ን ግን ደግማችሁ አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ ክስ አንድ ቀን ይመጣል። መምጣቱም ተገቢ ነው ባይ ነኝ። የፍሳሽ ማጣሪያው በትክክል ይሠራል ወይስ ለተቆጣጣሪ ቀን ብቻ ነው የሚበራው? ነገረ ፈጁ ይሄን ከወረቀት ላይ አያውቀውም፣ ወርዶ ማየት አለበት። ካየ በኋላ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት «ይሄ አያዋጣም፣ ሕገ ወጥም ነው» ማለት አለበት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ደመወዝ የሚከፍለንን ሰው ነው የምንናገረው። ግን የታችኛው ሰው ዘመዳችን ነው፣ ጎረቤታችን ነው።

የ2014ቱን ጊዜም አንርሳ። ጥቅምት 20 ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካ ተዘረፈ፣ ቢሮ ተሰበረ፣ ውልና ደረሰኝ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ውሉን ያልፈጸመ ሁሉ «ከአቅም በላይ ሆኖብኝ ነው» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ግን ችግር ነበር ማለትን ብቻ አይቀበልም። ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታውን መፈጸምን ጨርሶ የከለከለ መሆን አለበት። ይሄን ለማስረዳት ሰነድ ያስፈልጋል፣ ሰነዱ ደግሞ ከተዘረፈው ቢሮ ጋር አብሮ ሄዷል። ዋና ዋና ውሎች፣ የመድን ፖሊሲዎችና የንብረት ዝርዝሮች ስካን ተደርገው ከድርጅቱ ግቢ ውጭ ይቀመጡ። ብዙ ወጪ የለውም፣ ዛሬ ከሰዓት መጀመር ይቻላል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መጥቷል። በር ላይ የሠራተኛ አሻራ የምንወስድ፣ የደንበኛ መታወቂያ ኮፒ አድርገን መደርደሪያ ላይ የምንከምር ሁላችን ይመለከተናል። ከሰዓት ራሱን የቻለ ውይይት ስላለው አልገባበትም።

የሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ የአሠራር ረቂቅ አዘጋጅቷል፣ እጃችሁ ላይ አለ። ከፍርድ ቤት፣ ከገቢዎች ወይም ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣ ደብዳቤ መዝገብ ቤት በገባበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን ተጽፎበት፣ ለሕግ ክፍል ይድረስ ይላል። የስንብት ደብዳቤም ነገረ ፈጁ አይቶ ሳይፈርምበት አይውጣ ይላል። እያንዳንዳችን ለየሥራ አስኪያጃችን የምናቀርበው ነው። ብቻውን ያቀረበ ሰው «አዲስ ነገር አታምጣ» ሊባል ይችላል፣ ሁላችንም በአንድ ወር ካቀረብነው ግን ይሰማሉ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከደሴ ባልደረቦቻችን የተለየ ሐሳብ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ እሱን ከሻይ በፊት እንጨርሰው። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።