ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? መጀመሪያ መነሻችሁን ቁጠሩ

(ምስል፦ ማለዳ፣ የሱሉልታ መንገድ። ጭጋጉ ገና አልገፈፈም። አራት መኪኖች ከአንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ቆመዋል።)

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን አላችሁ? ዛሬ ያለነው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥተን፣ ወደዚህ ወርደን ሻያችንን ይዘናል። መኪና የምንወድ ልጆች እሁድ እሁድ እንዲህ እንገናኛለን። እሽቅድድም የለም። መንገዱ ዳር አትሌቶች ልምምድ ላይ ናቸው፣ ከብትም ይሻገራል። ኮፈን ከፍተን እናወራለን፣ እንከራከራለን።

የዛሬውን ክርክር ያመጣው አንድ ወዳጃችን ነው። ያገለገለ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ሊገዛ ነው። ሁለት አግኝቷል። ሁለቱም አምስተኛው ትውልድ ናቸው። ሁለቱም ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ 200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው። አንዱ ማኑዋል ነው፣ ሌላው ዲኤስጂ የሚባለው፣ ማርሽ ራሱ የሚቀይረው። ግማሻችን "በእጅህ ማርሽ ካልቀየርክ ምኑን ነዳኸው?" አለ። ግማሻችን ደግሞ "በአዲስ አበባ ትራፊክ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ጉልበትህ ይለቅ!" አለ።

ነገሩ እንደ ድሮው ቀላል ምርጫ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ የሚገዛ ሰው፣ እዚሁ አገር ካለው ላይ ነው የሚመርጠው። ሲበላሽ ሌላ ልተካ ማለት የለም። የምትገዙትን መኪና ማቆየት አለባችሁ። ለዚህ ነው እኔ ከሞተሩ በፊት ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሹን ሳጥን፣ ጠይቁ የምለው።

(ምስል፦ በወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕል፤ ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ።)

ከሥሩ እንጀምር። ሞተር ቆሞ መጠበቅ አያውቅም። ከቆመ ጠፋ ማለት ነው። ጎማ ደግሞ መብራት ላይ መቆም አለበት። አንዱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሟል። በመካከላቸው ሽማግሌ ያስፈልጋል። በማኑዋል መኪና ላይ ሽማግሌው ፍሪሲዮን ነው። ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ቮላኖው ላይ ይጫናል። እግራችሁን ቀስ ብላችሁ ስትለቁ ዲስኩ እየተንሸራተተ፣ እየተፋተገ፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን ፍጥነት ያስተካክላል። ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ዲስኩን ይበላዋል።

አሁን ልብ በሉ። ፍትጊያው የሚበዛው መቼ ነው? ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስትቀይሩ አይደለም። ያኔ ሁለቱም እየተሽከረከሩ ስለሆነ የፍጥነታቸው ልዩነት ትንሽ ነው። ፍሪሲዮን የሚበላው መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ነው። ዳገት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። በ2,400 ሜትር የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ሲያንሰው ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቢኤምደብሊው ኤም 3ን ውሰዱ፣ ኢ 46 የሚባለውን። ወረቀቱ ላይ 343 ፈረስ ነው። እዚህ ከ260 ብዙም አይርቅም።

"የእኔ ቱርቦ ነው፣ አይመለከተኝም" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቱርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። ግን ቱርቦው ለመንፋት መጀመሪያ መሽከርከር አለበት። ከቆማችሁበት ስትነሡ ሞተሩ ገና ዝቅ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ቱርቦውም አልነቃም። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ባለ ቱርቦውም ደካማ ነው። ነዳጅ ትጨምራላችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ረዘም አድርጋችሁ ታንሸራትታላችሁ። ኮተቤ ወይም ቡራዩ በኮብልስቶን ዳገት ላይ መኪና አስነሥታችሁ ከሆነ ስሜቱን ታውቁታላችሁ።

(ምስል፦ የጋራዥ ወለል። ማዳበሪያ ላይ የተቀመጠ ያረጀ የፍሪሲዮን ዲስክ።)

ይህን ዲስክ እዩልኝ። ከራሴ መኪና የወጣ ነው። ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። መሻከር ነበረበት። እነዚህ ነጥቦች የሪቬት ራሶች ናቸው፤ በአዲስ ዲስክ ላይ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሚቀመጡት። እዚህ ግን ከላይ ያለው ተበልቶ አልቆ ራሳቸው ብረቱን ሲፍቁ ነበር። ቮላኖው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጥላ የመሰለ ቀለም አለ። ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል የሚተወው ምልክት ነው። ሽታው ከወራት በኋላም አልለቀቀውም።

መኪናውን ስገዛ ደላላው "አውቶማቲክ ነው" አለኝ። አመንኩት፤ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውማ። ዳገት ላይ ፍሬን ከመያዝ ነዳጅ ትንሽ ረገጥ አድርጌ አቆመዋለሁ። ከዚያ በፊት በነዳሁት መኪና የለመድኩት ነው። አምስት ወር ሳይሞላ ከሥር ጭስ ወጣ። ለገጣፎ ያሉ መካኒካችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ካምቢዮውን አውርደው ዲስኩን በእጃቸው ያዙና "ልጄ፣ ይኼ እኮ አውቶማቲክ አይደለም። ማኑዋል ነው። እግር የሌለው ማኑዋል" አሉኝ።

ያ አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣም። ትክክል ናቸው። "አውቶማቲክ" በሚለው አንድ ስም የምንጠራቸው ካምቢዮዎች የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው።

የእኔው ዓይነት እንደማንኛውም ማኑዋል ካምቢዮም ፍሪሲዮንም አለው። የእናንተን እግርና እጅ ሥራ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይም የዘይት ፓምፕ ይሠራዋል። የሱዙኪ ዲዛየር ኤጂኤስ እንዲህ ነው። የቶዮታ መልቲሞድም እንዲሁ፤ በአንዳንድ የአውሮፓ ያሪስና ኮሮላዎች ላይ ይገኛል። ኢ 46 ኤም 3 ላይ ያለው ኤስኤምጂም ይኸው ነው፤ በአስደናቂ ፍጥነት የሚቀይር ቢሆንም።

ሐሳቡ ስም ያገኘው በውድድር ሜዳ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ፌራሪ በመሪው ጀርባ ባሉ ማንሻዎች የሚቀየር ካምቢዮ ይዞ ፎርሙላ ዋን ገባ። ነጂው ናይጄል ማንሰል በመጀመሪያው ውድድሩ ብራዚል ላይ አሸነፈበት። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፌራሪ 355 ላይ ተገጥሞ ወደ መንገድ ወጣ። የውድድር መኪና ግን አንድ ጊዜ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ይሮጣል። ጭንቀቱ ማርሽ መቀየር ላይ እንጂ መነሣት ላይ አይደለም። እኛ ደግሞ ከአያት መገናኛ እስክንደርስ ስንት ጊዜ እንነሣለን?

ይህን ዓይነት ካምቢዮ እንዴት ትለያላችሁ? የማርሽ ማንሻውን እዩ። ብዙውን ጊዜ "ፒ" (ፓርክ) የሚለው ፊደል የለውም። ደላላው "አውቶማቲክ" ብሎ ፒ ካጣችሁ፣ እዚያ ውስጥ የሚያልቅ ፍሪሲዮን እንዳለ እወቁ። አትግዙ አልልም። ግን ዳገት ላይ በፍሬን ያዙት፣ በነዳጅ አታቁሙት። ማርሽ ሲቀይር ነዳጁን ትንሽ ልቀቁለት። የኤስኤምጂ ባለቤቶች ደግሞ አንድ መውጫ አላቸው። ካምቢዮው ራሱ የማኑዋሉ ስለሆነ ፓምፑን አስወጥተው ፔዳል ያስገጥማሉ። በብዙ አገር የተሠራበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ዲኤስጂ ነው። ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ 1፣ 3፣ 5ን ይይዛል፣ ሌላው 2፣ 4፣ 6ን። በሦስተኛ ስትሄዱ አራተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። በ2003 እ.ኤ.አ. በጎልፍ አር 32 ላይ ለመንገድ መኪና ቀረበ። በፍጥነት ክርክር የለም፣ ከሰው እጅ ይቀድማል። ግን ዲኤስጂም ሁለት ዓይነት ነው። ባለ 6 ማርሹ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ ናቸው፤ ሙቀቱን ዘይቱ ይወስድላቸዋል። ጂቲአዩ ላይ ያለው ይኸው ነው። ዘይቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ የመጣው ባለ 7 ማርሽ ደረቅ ነው፣ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ አይደሉም። በ2013 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ በዲኤስጂ ችግር ከ380,000 በላይ መኪኖች ለጥገና ጠርቷል። ለእኛ ዳገትና ለእኛ ትራፊክ ደረቁን አልመክርም። ቁርጥ ያለ አቋሜ ነው።

እውነተኛው አውቶማቲክ ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡ፣ አንዱን ብቻ አብሩ። ነፋሱ የጠፋውንም ያዞረዋል። በነፋስ ፈንታ ዘይት አድርጉት፣ ያ ነው። ስትነሡ የሚፋተግ ዲስክ የለም፣ ዘይት ነው የሚገፋው። ለዚህ ነው በየቀኑ ትራፊክ ውስጥ ለሚውል ሰው እሱን የምመርጥለት። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመኑ ካምቢዮ ሠሪ የዜድኤፍ ባለ 8 ማርሹ ደግሞ ፈጣን መኪና ላይም የሚያሳፍር አይደለም። ብዙ ቪትዝ ላይ ያለው ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ ሌላ ዓለም ነው፣ ዛሬ አልነካውም።

ስሜቱን ግን አንርሳው። ፖርሽ በ2013 እ.ኤ.አ. 911 ጂቲ 3ን ያለ ማኑዋል አወጣው። በፍጥነት ይበልጣል፣ ሰዓቱ ይመሰክራል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ማኑዋሉን መልሶ አመጣው። ነጂዎች ፈለጉታ። እኔም እፈልገዋለሁ። ከሱሉልታ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ሳወርድ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ሲይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ቁልቁለት ካነሣን አይቀር፣ እባካችሁ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ኒውትራል አድርጋችሁ አትውረዱ። ፍሬኑ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ስትረግጡት ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ቁጠባም የለውም። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድ፣ እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ከተነሣ፣ ነዳጁን ራሱ ያቋርጣል። ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው የሚወርደው።

(ምስል፦ ከመኪና ውስጥ። የዙር ቆጣሪው መርፌ በቅርበት።)

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። የሚኖረው የካ አባዶ ነው። "መነሻህን ቁጠር፣ ስንት ጊዜ ቆመህ እንደምትነሣ" አልነው። አንድ ጠዋት መቁጠር ጀመረ፣ ሲኤምሲ ሳይደርስ ቁጥሩ ጠፋበት። መጀመሪያ ዲኤስጂውን ነዳን። ለስላሳ ነው፣ ማንም ይወደዋል። ባለቤቱን "የካምቢዮ ዘይት መቼ ተቀየረ?" ብለን ጠየቅነው። "ይኼ ዘይት አይቀየርለትም" አለን። ደረሰኝ የለም። መኪናው ደግሞ ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል።

ቀጥሎ ማኑዋሉ። ካምቢዮው ገና ሳይሞቅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቶሎ አወረድነው። አልጮኸም። ከጮኸ፣ ፍጥነት የሚያስተካክሉት የነሐስ ቀለበቶች አልቀዋል ማለት ነው። ሞተሩን ስናጠፋው ከሥር አላንኳኳም፣ ቮላኖው ደህና ነው። ከዚያ ዳገቱ ላይ አራተኛ አስገብተን፣ በዝግታ እየሄድን ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረገጥነው። መርፌውን እዩት። 2,500 ላይ ነበር፣ አሁን 4,000 ደረሰ። የመኪናው ፍጥነት ግን አልተነቃነቀም። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። አልቋል።

ወዳጃችን ከመኪናው ወርዶ ከባለቤቱ ጋር ለብቻው ትንሽ አወራ። መርፌውን በዓይኑ ስላየ ሰውየው አልተከራከረም፣ ዋጋውን ቀነሰ። የዲኤስጂው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም። የማኑዋሉን በሽታ ግን አውቀነዋል፣ መድኃኒቱም ለገጣፎ አለ። ማኑዋሉን ገዛው።

ጋሼ ጋ ደውለናል። "ዲስኩን ብቻ እንዳትገዙ፣ መጫኛውንና ኩሽኔታውንም አብራችሁ አምጡ" ብለዋል። ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ማውረድ ድካም ነው። ለወዳጃችንም ከአሁኑ ነግረውታል፦ ትራፊክ ላይ ከፊትህ የአንድ መኪና ቦታ እስኪከፈት ጠብቅ፣ በየስንዝሩ አትንፏቀቅ፣ ስትቆም እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሣ።

ማክሰኞ ካምቢዮው ይወርዳል። ካሜራዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ የቮላኖውን ፊት አብረን እናያለን።