ጥላውን ሳልለካ ያነሳሁት እጅ

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ? ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ነው። ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ሰፈር ስብሰባ፣ ደግሞም እኔ አንድ ቀን ስላነሳሁት እጅ። ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

አዲስ ለሆናችሁ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። 34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ቤቴ ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት በእግር 10 ደቂቃ ነው። በወጣትነቴ በባንክ ብድር የገዛሁት ነው። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈልኩ ቀን ደብተሬ ላይ ቀኑን ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ያ ደብተር አሁንም አለ።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ገንዘቡ ይቀንሳል፣ ጊዜው ይበዛል። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ስብሰባ ይሄዳል። እኔም የአካባቢያችን ምክር ቤት በጠራ ቁጥር መሄድ ጀመርኩ። ለሰፈሬ መልካም እየሠራሁ እንደሆነ ከልቤ አምን ነበር።

አንድ ቀን ከቤቴ ጀርባ ስላለው ባዶ ቦታ ተጠራን። ባለቤቱ ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ልሥራ ብሎ አመልክቷል። 24 ቤት። ስብሰባው በሥራ ቀን ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዳራሹ ውስጥ ወደ 40 ሰው እንሆናለን። ሁላችንም እንተዋወቃለን። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን፣ ሁላችንም የቤት ባለቤቶች ነን።

አንዱ ተነሥቶ ስለ መኪና ማቆሚያ ተናገረ። ሌላዋ ስለ ጫጫታ። ሌላው ስለ ፍሳሽ መስመሩ። የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሣሁና «ሕንፃው ፀሐይ ይከለክለናል፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ እንቀራለን» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ «የምትቃወሙ እጅ አውጡ» ተባለ። አወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ያልተነሣ እጅ የለም። ፈቃዱ ተከለከለ። ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የድሮው ትምህርት ቤቴ ለአንድ ዝግጅት ጋበዘኝ። በእኔ ቦታ የተተካችውን ልጅ እዚያ አገኘኋት። የመምህራን ክፍል ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጫማ ትቀይራለች። ጭቃ የነካውን የመንገድ ጫማ በፌስታል ጠቅልላ ወንበር ሥር አስገባችው። ከየት እንደምትመጣ ጠየቅኳት። ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። ከቤት የምትወጣው ሳይነጋ ነው።

«ለምን እዚህ ቅርብ አትከራዪም?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ያልፈለግኩበት የለም። እዚህ ሰፈር የሚከራይ ቤት አይገኝም። ቢገኝም ከደሞዜ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። እዚያ ባዶው ቦታ ላይ ፎቅ ይሠራል ሲባል ተስፋ አድርጌ ነበር፣ ግን ቀረ።»

ስብሰባው ላይ ለምን እንዳልመጣች ጠየቅኳት። ሳታስበው ነው የመለሰችልኝ። «ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ሰባተኛ ለ።»

ሰባተኛ ለ ለስንት ዓመት የእኔ ክፍል ነበረ። እኔ አዳራሽ ውስጥ እጄን ሳነሳ እሷ የእኔን ክፍል እያስተማረች ነበር። ያን ቀን ምንም አልነገርኳትም። አፍሬ ነው። ማታም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ዓመቶቹን ስጠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አሜሪካ ውስጥ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ግዛት በብዙ ከተሞች የተደረጉ የቤት ግንባታ እቅድ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ አንድ በአንድ አዩ። ማን ተናገረ? ምን አለ? ከዚያ የተናጋሪዎቹን ስም ከመራጮች መዝገብና ከንብረት መዝገብ ጋር አገናዘቡት። የሚናገሩት ከሌላው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖሩና የቤት ባለቤት የሆኑ ናቸው። አብዛኞቹም የሚነሡት ለመቃወም ነው። ይህን ሳነብ ያ አዳራሽ ወለል ብሎ ታየኝ።

እስቲ አስቡት። አዲስ ቤት የሚጎረብተው ሰው ስሙም አድራሻውም ይታወቃል፣ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን ገና ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሌላ ሰፈር ነው ያለው። ለምክር ቤቱ አባል ድምፅ አይሰጥም፣ ምክንያቱም እዚህ አይኖርም። እዚህ የማይኖረው ደግሞ ቤት ስለሌለ ነው። የምክር ቤት አባልም ሰው ነው፣ የመረጠውን ሰው ፊት ያያል። የአካባቢ ምርጫ ላይ ወጣቱ ብዙም አይወጣም። እኛ ግን አንቀርም።

አሁን ስለ ዋጋ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጓደኞቼ ሲሳሳቱበት ስለማይ ነው። የቤታችን ዋጋ ሲጨምር ሀብታም የሆንን ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ደላላ ደውሎ አንድ ቁጥር ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ግን ልሽጠው ብል የት እገባለሁ? ሰፈሩ ውስጥ አነስ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለዕድሜዬ የሚመች ቤት ፈለግኩ። የለም። ትንንሽ ቤት ያለበት ሕንፃ እንዳይሠራ የከለከልነው እኛው ነን። ጎረቤት ሰፈር ያለውም ከእኔ ቤት እኩል ጨምሯል። በውድ ሸጬ በውድ ልገዛ ነው። የጡረታ አበሌ ደግሞ አልጨመረም። የንብረት ግብር በቤት ግምት የሚሰላ ከሆነ ዋጋው በወጣ ቁጥር ግብሩም ይወጣል። እሳት የወለደችው ላም ማለት ይሄ ነው፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ይህ ጭንቀት እውነተኛ ነው፣ እኔ አላቃልለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1978 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የንብረት ግብርን ገደበ። ግብሩ ከቤቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ባለቤት እስካልተቀየረ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር። በጡረታ የሚኖሩ ሰዎች ግብር አቅቷቸው ከቤታቸው እንዳይወጡ የሚለው አንዱ ትልቅ ምክንያት ነበር። ያንን አደረገላቸው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሁለት ቤት ጎን ለጎን ቆመው፣ የቆየው ሰው የሚከፍለው ትንሽ፣ ትናንት የገዛው የሚከፍለው ብዙ ሆነ። የቆየው ሰው ቤቱ ቢሰፋበትም ብዙ ጊዜ አይለቅም ነበር፣ ከለቀቀ ያ ጥቅም ይቀርበት ነበር። እኛን ለመጠበቅ የተሠራው ነገር ልጆቻችን ላይ በር ዘጋ።

ሌላው የምሰማው ነገር «አዲስ ቤት ቢሠራም ውድ ነው፣ ለድሃ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ግን አዲሱ ቤት የሚገባው ሰው ከየት ይመጣል? የሆነ ቤት ለቆ ነው። የለቀቀው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል። ያም የራሱን ይለቃል። እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሄልሲንኪ ላይ ይህን በሕዝብ መዝገብ ተከታትለውታል። መሀል ከተማ ላይ አዲስ ቤት ሲሠራ ሰንሰለቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ድረስ ይደርሳል።

ሁሉንም ገበያው ይፈታዋል እያልኩ አይደለም። ቪየና በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጣለች። ቅንጡ ቤት ያለው ከፍ ያለ፣ ተራው ሰው ዝቅ ያለ ይከፍላል። በዚያና በሌላ ግብር ገንዘብ በ11 ዓመት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ሠራች። ዛሬም የከተማው አስተዳደር 220 ሺህ ገደማ ቤቶች አሉት። የኒውዚላንዷ ከተማ ኦክላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። በ2016 ከመኖሪያ ቦታዋ ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ ከበፊቱ የበለጠ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች፣ የግንባታ ፈቃዱም በዛ። መንገዳቸው ይለያያል። ሁለቱም ግን ገና ላልመጣ ሰው ቦታ ማዘጋጀት አለብን ብለው ነው የተነሡት።

አንድ ነገር ላስገባ። ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት አፍርሶ ሕንፃ መሥራት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ሰው ይፈናቀላል፣ ያንን ዛሬም እቃወማለሁ። የፍሳሽ መስመሩን ያነሣው ጎረቤቴም ትክክል ነበር፣ መስመሩ መስፋት አለበት። ከእኛ ጀርባ ያለው ቦታ ላይ ግን አረም እንጂ ሰው የለበትም።

ወደ ፀሐዩ ልመለስ። ያ ቃሌ ነው የቆጠቆጠኝ። ቀኑን ሙሉ ጥላ ብዬ ተናገርኩ፣ ግን አልለካሁም። የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ አልለካሁም! ስለዚህ አንድ ጠዋት ሜትር ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ቦታው ከቤቴ በስተ ምዕራብ ነው፣ መሬቱም ሜዳ ነው። ፕላኑ ላይ የሕንፃው ቁመት 12 ሜትር ነበር። ግድግዳው ከሚያርፍበት እስከ ጽጌረዳዎቼ 20 ሜትር አለ። 20 ለ12 ሲካፈል 1 ነጥብ 67 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሜትር ዱላ ብተክልና ጥላው 1 ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ በዚያች ደቂቃ የሕንፃውም ጥላ ጽጌረዳዬ ጋ ይደርሳል። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው፣ ስንት ዓመት ያስተማርኳቸው።

ዱላውን ተከልኩ። ከጎኑ በጠጠር 1 ሜትር ከ67 ላይ ምልክት አደረግኩ። ወንበር አውጥቼ ጠበቅኩ። ቀትር አለፈ፣ ጥላው ገና አጭር ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ጠጠሩን የነካው ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀራት ነው። በሌላ ወር ደግሜ ለካሁ፣ የተለየው በደቂቃዎች ነው። የማጣው የማታዋን ፀሐይ ብቻ ነው። እኔ ግን «ቀኑን ሙሉ» ብዬ 24 ቤት አስከለከልኩ።

ባለቤቱ ፕላኑን አስተካክሎ እንደገና አመልክቷል። እኔም ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ባለፈው የተናገርኩት ልክ እንዳልነበረ ገለጽኩ፣ የለካሁትን ከነሥዕሉ አያያዝኩ። ስብሰባውም ሠራተኛ ሰው መምጣት በሚችልበት ሰዓት እንዲሆን ጠየቅኩ። ሰዓቱን ተቀበሉኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለመምህሯ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ እጄን ማንሣቴንም ጭምር። ዝም አለች። ቆይታ «እመጣለሁ ቲቸር» አለችኝ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ አልወደደልኝም። ለ20 ዓመት በአጥር በኩል ስንጠያየቅ የኖርን ጎረቤቴ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሣችኝ። ከባድ ነው። ትናንት ግን ጠራኋትና ዱላውን ላሳያት ፈለግኩ። መጣች። ሌላ ወንበር አወጣሁላት። ብዙም አላወራንም፣ ቁጭ ብለን ጥላው ጠጠሩ ጋ እስኪደርስ ጠበቅን። ሲደርስ ሰዓቷን አየች። «እስካሁን ነው?» አለችኝ። «እስካሁን ነው» አልኳት።

ሐሙስ እንዴት እንደምትወስን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። የሆነውን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። ሰላም ቆዩልኝ።