ዩ ሱንግ ሆ ከሕፃን ተዋናይነት እንዴት ተሻገረ?

[ምስል፦ ተራራ ላይ ያለች የገጠር መንደር]

ከሴኡል የመጣ ትንሽ ልጅ የተጠበሰ ዶሮ አምሮት አያቱን ያስጨንቃል። መናገር የማይችሉት አሮጊት በዝናብ ወጥተው ዶሮ ይዘው ይመለሳሉ፤ አርደው ቀቅለው ያቀርቡለታል። ልጁ ግን ጥብስ እንጂ ቅቅል አልፈለገምና ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል።

ይህን ልጅ ሆኖ የሠራው ደቡብ ኮሪያዊው ተዋናይ ዩ ሱንግ ሆ ነው። «ወደ ቤት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበር። በደቡብ ኮሪያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አየው። አያትየዋን ሆነው የሠሩት ኪም ኡል ቡን ከዚያ በፊት ተውነው የማያውቁ የገጠር እናት ነበሩ። ልጁን የማደንቀው ተመልካች እንዲወደው ስላልተለማመጠ ነው። ቅምጥልና አስቸጋሪ ሆኖ ሠራ፤ መጨረሻ ላይ ልቡ ሲራራ ዕንባችን የሚመጣውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የታሪካዊ ድራማ አልባሳት]

ኮሪያውያን «የሕዝብ ታናሽ ወንድም» አሉት። ፍቅር ነው፤ ግን ያስራል። ታናሽ ወንድም ሲያድግ ማየት የሚፈልግ የለም። በ2007 በአንድ ትልቅ ታሪካዊ ድራማ ዝነኛው ተዋናይ ቤ ዮንግ ጁን የሠራውን ገጸ ባሕርይ ልጅነት ተጫወተ። ብዙ ሕፃናት ተዋንያን እዚህ ላይ ይቀራሉ፤ ጥቂት ክፍል ይሠሩና ቦታውን ለትልቁ ተዋናይ ይለቃሉ። እሱ በ2009 «ንግሥት ሶንዶክ» ላይ ልዑል ቹንቹን ሆኖ ብቅ አለ።

[ምስል፦ ወታደሮች በሰልፍ]

ትልቁ ውሳኔ የመጣው በማርች 2013 ነው። በደቡብ ኮሪያ ለወንድ ውትድርና ግዴታ ነው፤ ታዋቂ ተዋንያን ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ያዘገዩታል። ዩ ሱንግ ሆ በ19 ዓመቱ፣ ያለ አድናቂ ሽኝት፣ ቹንቾን ከተማ ገብቶ ተመዘገበ። (የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን መታሰቢያ የቆመው በዚችው ከተማ ነው።) ከዚያ አዲስ ምልምሎችን በሚያሠለጥን ክፍል አገለገለ፤ በዲሴምበር 2014 ተሰናበተ።

ሲመለስ 21 ዓመቱ ነበር፤ ግዴታው ከኋላው፣ የሥራ ዘመኑ ከፊቱ። በ2015 መጨረሻ በጀመረው «ሪሜምበር» ድራማ ያለ ጥፋቱ ሞት የተፈረደበትን አባቱን ለማዳን የሚታገል ጠበቃ ሆነ። አባትየው የማስታወስ ችሎታውን እያጣ ነው፤ ልጁ ደግሞ ምንም አይረሳም። ይህን ሸክም ለ«ታናሽ ወንድም» ማን ይሰጥ ነበር?

[ምስል፦ የቲያትር መድረክ]

በ2023 «ዘ ዲል» ላይ ፀጉሩን ተላጭቶ ወንጀል ውስጥ የተዘፈቀ ወጣት ሆነ። በ2024 ደግሞ ካሜራውን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ፤ «ኤንጀልስ ኢን አሜሪካ» በተሰኘው ተውኔት በኤድስ የሚሠቃየውን ፕራየርን ተጫወተ።