የመርፌዋ ቀዳዳ እና የስልኮቹ ክስ

ሰላም ሰላም፣ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ሐረር ነኝ፣ መኪና ግርግር። እስኪ ድምፁን ስሙት። ይሄ የስፌት መኪና ድምፅ ነው ለሰፈሩ ስም ያወጣለት። «የአፕልና የሳምሰንግን ክስ ልትነግረን አልነበር እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ግን ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራህን ሌላው ያለ ፈቃድህ እንዳይሠራበት የሚከለክል የባለቤትነት መብት፣ እንዴት እንደሚጣስ መጀመሪያ በዚህች መኪና እንየው።

መርፌዋን እዩልኝ። ካሜራውን ቀረብ አድርገው። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ በጭራዋ በኩል ነው፣ አይደል? የመኪናዋስ? ጫፏ ላይ፣ ጨርቁን በምትወጋበት በኩል! ጋሼ፣ እስኪ ቀስ ብለው ይርገጡልን። አያችሁ? ክሩ ወረደ፣ ከታችኛው ክር ጋር ተቆላለፈ፣ ተመለሰ። ወረደ፣ ተቆላለፈ፣ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ባየው አይሰለቸኝም።

ይህችን መርፌ ከታችኛው ክር ጋር አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ1846 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣው ኤልያስ ሃው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲንጀር መጣ። አዎ፣ ያ ስሙ መኪናው ላይ የተጻፈው ሲንጀር! መርፌዋን ቀጥ ብላ እንድትወርድ አደረገ፣ በእግር የሚረገጥ አደረገው። የሱ መኪና ይሻል ነበር። ግን ቀዳዳዋ ያው ጫፏ ላይ ነው፣ ክሮቹም ያው ይቆላለፋሉ። ሃው ከሰሰ፣ ረታ፣ ሲንጀርም ከፈለ።

ሕጉ አጭር ነው። ፓተንቱ ላይ «ይህ የኔ ነው» ተብሎ የተዘረዘረው ሁሉ ምርታችሁ ውስጥ ከተገኘ ጥሳችኋል። አንዱ ከጎደለ ብዙውን ጊዜ ነፃ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ስልክ የሚጠግን የድሬ ልጅ «ሃያ ፐርሰንት ከቀየርኩት ማንም አይከሰኝም» ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ብዙዎቻችሁ ትሉኛላችሁ። ወንድሜ፣ የሃያ ፐርሰንት ሕግ የሚባል የለም! ሲንጀር ስንቱን ቀየረ? አዳነው? ያሻሻልከውን በራስህ ስም ልታስመዘግብ ትችላለህ፤ መሠረቱ ግን የባለቤቱ ነው። «ከማንም አልቀዳሁም፣ ራሴ አሰብኩት» ማለትም አያድንም። እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ፤ ፓተንት 15 ዓመት ይጠበቃል፣ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። አሜሪካ ብቻ የተመዘገበ ግን እዚህ አይሠራም።

አሁን ወደ ስልኮቹ። አይፎን ላይ ዝርዝሩን እስከ ታች ጎትቱት። መጨረሻው ላይ እንደ ላስቲክ ተስቦ ይመለሳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ሳምሰንግን የከሰሰው በዚህችና በመሰሎቿ፣ በስልኩ ክብ ማዕዘንም ጭምር ነው። በ2012 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት። ይግባኝ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እንደገና ዳኝነት። በ2018 ወደ 539 ሚሊዮን ወረደ፤ ከዚያ ታረቁ። ሰባት ዓመት! ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ ሳምሰንግ ለአፕል ዕቃ ያቀርብ ነበር።

ሃውና ሲንጀር ግን በ1856 ከሌሎች ሁለት ኩባንያዎች ጋር ፓተንታቸውን አንድ ላይ አደረጉ። መሥራት የፈለገ እየከፈለ ይሥራ አሉ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ጥያቄም ጻፉልኝ። ጋሼ የሸሚዜን እጅጌ ጨርሰውልኛል። ጋሼ፣ ስንት ልክፈል?