ያን የትርፍ ቁጥር ማን ጠየቀው?

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ተማሪዎቹም ፈተና እያለባችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደዚህ ደሴ ስመጣ ሀረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሚኒባሱ እየዳኸ ነበር የወጣው፣ እና እዛው ቁጭ ብዬ ወረቀቴን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ብቻ በደንብ ተናግሬ ብመለስ ይበቃኛል አልኩ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጃችንን አውጥተን የቦርድ አባል ስንመርጥ፣ በዛው እጃችን በሚቀጥሉት ዓመታት የሚነገረን ትርፍ ይታመናል አይታመንም የሚለውንም እየወሰንን ነው። ይሄን መጀመሪያ በስራ ላይ ነው ያየሁት፣ ጥናቱን ያነበብኩት ኋላ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ብዙ ነው፣ የኢንሹራንስም አለ፣ ዘንድሮ ደግሞ እቁብ ሲወጣላችሁ አክሲዮን የገዛችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ጉባኤ ስንሄድ የምንጠይቀው ግን አንድ ጥያቄ ነው፣ "ዘንድሮ በአክሲዮን ስንት ደረሰን?" ብራችን ነው፣ መጠየቅ አለብን። ግን ብዙዎቻችን ትርፍ ሲባል ካዝና ውስጥ ተቆጥሮ የተገኘ ብር ይመስለናል። የትርፍ ቁጥር ግማሹ የተቆጠረ ብር ከሆነ ግማሹ የሰው ግምት ነው። በዱቤ የሸጥነው እቃ ገንዘቡ ይመጣል አይመጣም፣ ግምት ነው። መጋዘን ያለው እቃ በስንት ይሸጣል፣ ግምት ነው። አንድ 10 ሚሊዮን ብር የተገዛ ማሽን 10 ዓመት ያገለግላል ብላችሁ ከመዘገባችሁት በዓመት 1 ሚሊዮን ብር የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ማሽኑ በማርጀቱ ከትርፍ ላይ የሚቀነስ ወጪ፣ ትይዛላችሁ፣ 20 ዓመት ያገለግላል ካላችሁ ግን 500 ሺህ ብቻ። በአንድ መስመር ለውጥ የዓመቱ ትርፍ በግማሽ ሚሊዮን አደገ፣ አንድ ሜትር ጨርቅ ሳይሸጥ፣ አንድ ሳንቲም ሳይገባ። እና ማሽኑ በእርግጥ 20 ዓመት ይሰራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ቁጥሩ እንደዛው ፀድቆ ያልፋል።

ጥራት ያለው ትርፍ ስንል እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፣ ቆይቶ ወደ ጥሬ ብር የሚለወጥ፣ እና የሚቀጥለው ዓመትም ከዛው ስራ ተመልሶ ሊመጣ የሚችል።

ወጣት እያለሁ ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ ስቶክ ላይ እሰራ ነበር፣ የድርጅቱን ስም አላነሳም። ሰኔ 29 ማታ ወደ ሶስት ሰዓት ገደማ ተጠራሁና ለአንድ ደንበኛ ደረሰኝም የእቃ መውጫም ቁረጥ ተባልኩ፣ እቃው ግን የትም አልሄደም፣ መኪናው ላይ ተጭኖ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆመ። ሀምሌ 4 ነው ከበር የወጣው። ሹፌሩ እነዛን ቀናት ሁሉ መኪናው ስር ፍራሽ አንጥፎ ነበር የሚተኛው፣ ጠዋት ጠዋት ከጥበቃዎቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ አየው ነበር። ሽያጩ የአሮጌው ዓመት ሆኖ ተመዘገበ፣ እቅዱ ተሟላ ተባለ፣ ቦርዱ አፀደቀው፣ ቦነስ ተከፈለ። መስከረም ላይ ከእቃው የሚበዛው ተመላሽ ሆኖ መጣ። ያኔ ቦርዱ ውስጥ ሰባት ሰው ነበር፣ ከሰባቱ አንዱ እንኳን "የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ሽያጭ ለምን ከሌላው ወር ሁሉ በለጠ?" ብሎ ቢጠይቅ እኔም ሹፌሩም ጥበቃውም እውነቱን እንነግረው ነበር። የጠየቀን ሰው የለም።

ያንን ነገር ለዓመታት ይዤው ኖርኩ፣ እና ኦዲት ስራ ከገባሁ በኋላ ነው ሌላውም ዓለም እንደዚሁ መሆኑን ያነበብኩት። ማርክ ቢዝሊ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስራ የሂሳብ ማጭበርበር የተገኘባቸውን 75 ኩባንያዎች ካልተገኘባቸው 75 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። ያላጭበረበሩት ቦርድ ውስጥ ከማኔጅመንቱ ውጭ የሆኑ ሰዎች ድርሻ ይበልጣል። እነዛ የውጭ ሰዎች የራሳቸው አክሲዮን ካላቸውና ቦርዱ ላይ ከቆዩ ማጭበርበሩ ይቀንሳል፣ በየሌላው ኩባንያ ቦርድ ተቀምጠው ጊዜ ካጠራቸው ደግሞ ይጨምራል፣ የቦርዱ አባላት ሲበዙም ይጨምራል። በጣም የገረመኝ ግን ኦዲት ኮሚቴ፣ ማለትም ቦርዱ ውስጥ ሂሳቡን የሚከታተል ቡድን፣ መኖሩ ብቻውን ለውጥ አላመጣም፣ ማለትም ኮሚቴ አለን ማለት ምንም አልጠቀመም። ከሱ በኋላ ኤፕሪል ክላይን በ2002 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አይታ ኦዲት ኮሚቴው ነፃነቱ ሲቀንስ እንደዛ የማሽን ምሳሌ ያሉ ግምት ላይ የቆሙ ማስተካከያዎች እንደሚበዙ አገኘች።

እና ነፃ የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ሲፃፍና ሰው ሆኖ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይለያያል። ኤንሮን የሚባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ በሂሳብ ማጭበርበር በ2001 ታህሳስ እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ቦርዱ አብዛኛው የውጭ ሰው ነበር፣ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢም ስታንፎርድ ያስተማሩ የአካውንቲንግ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው ቶሺባም ከ2003 ጀምሮ ቦርዱን በኮሚቴ አደራጅቶ ለሌሎች ምሳሌ ሲባል ቆይቶ በ2015 ሰባት ዓመት ያህል ትርፉን አጋንኖ ሲያቀርብ እንደነበር ተገለጠ፣ አጣሪዎቹ ያገኙት ወደ 152 ቢሊዮን የን የሚጠጋ ነው። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነበሩ? የራሱ የኩባንያው የቀድሞ የፋይናንስ ሀላፊ። ሰውየው ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ትናንት በሳቸው እጅ ያለፈውን ሂሳብ ዛሬ እንዴት ብለው ይጠይቁ?

ይሄ ለኛ ለወሎ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ቅሬያችንን፣ እድራችንን ማለቴ ነው፣ አስቡት። ገንዘብ ያዡ ወንድሙ ሂሳቡን እንዲመረምርለት እናደርጋለን? አናደርግም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጦ ሂሳቡ በሰው ፊት ይነበባል፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሳይቀር ይቆጠራል፣ አንዱ ብረት ድስት ከጎደለ አባወራው ሁሉ ይጠይቃል። ለብረት ድስት እንደዛ የምንጠነቀቅ ሰዎች ብዙ ሚሊዮን ብር ለሚያስተዳድር ቦርድ ስንመርጥ ግን የሰብሳቢውን አማች፣ የስራ አስኪያጁን የድሮ ጓደኛ፣ ለድርጅቱ እቃ የሚያቀርበውን ነጋዴ እናስገባለን። እቃ አቅራቢው የግዢ ዋጋ ለምን ጨመረ ብሎ እንዲጠይቅ ነው የምንጠብቀው?

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። አንድ የአክሲዮን ማህበር ቦርድ ውስጥ ከሳቸው ጋር ተቀምጬ ነበር፣ እዚህ ደሴ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፣ ትምህርታቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዘመኑ ከጦርነቱ በኋላ ነበር። በ2014 ጥቅምት መጨረሻና ህዳር ላይ ደሴም ኮምቦልቻም ምን እንደሆኑ ለናንተ አልነግራችሁም፣ መጋዘኑ የተሰበረ ተሰብሯል፣ የተዘረፈ ተዘርፏል፣ የቀረው ደግሞ ዝናብና አቧራ ሲፈራረቅበት ከርሟል። እና የዓመቱ ሂሳብ ሲቀርብ የተረፈው ክምችት በሙሉ ዋጋው ተይዞ መጣ። እትዬ ሪፖርቱን አስቀመጡና "ይሄ ጨርቅ የመቼ ነው?" አሉ። የፋይናንስ ሀላፊው ቆጠራ ተደርጓል፣ ኮሚቴው ፈርሟል አለ። "ልጄ ስንት ነው አላልኩህም፣ እድሜውን ነው የጠየቅኩህ።" ዝም ተባለ። ከዘጠኛችን ሁለቱ አዲስ አበባ ሆነው ለስብሰባ ብቻ ነበር የሚመጡት፣ አንዱ የስራ አስኪያጁ ዘመድ ነው፣ እኔ ደግሞ አካውንታንቱ ነኝ፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ መጋዘን ሄድን። አንዱን ጣቃ አወጡና እጥፉ ላይ ያለውን መስመር በአውራ ጣታቸው አሹት፣ እጥፉ ቢጫ ሆኗል፣ ሲዘረጉት መስመሩ አይለቅም፣ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ክሩ እየተላቀቀ መጣ። "ይሄን በዋጋው የሚገዛችሁ የለም፣ በግማሽ ከሄደላችሁ እሰየው ነው" አሉኝ። የሂሳብ አያያዝ ደረጃው የሚለውም ይሄንኑ ነው፣ ክምችት የሚያዘው ካወጣንበት ወጪና ተሸጦ ከሚያስገኘው የተጣራ ዋጋ ባነሰው ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን እሳቸው በአውራ ጣታቸው አወቁት። ግምቱ ተስተካከለ፣ ትርፉ ወረደ፣ በዛ ዓመት ዲቪደንድ፣ ማለትም ለባለአክሲዮን የሚከፋፈል ትርፍ፣ አልነበረም፣ ጉባኤው ላይ ደግሞ ተሰደብን፣ እትዬም አብረው ተሰደቡ። ያኔ በሙሉ ዋጋው ትተነው ቢሆን ግን የሌለ ትርፍ በዲቪደንድ መልክ እናከፋፍል ነበር፣ ያውም ከባንክ ተበድረን፣ ምክንያቱም ካሽ አልነበረንም።

ስለዚህ ባለሙያ አስገቡ ሲባል የአካውንቲንግ ዲግሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሂሳብ መግለጫ ከነማብራሪያው ማንበብ የሚችል ቢያንስ አንድ ሁለት ሰው የግድ ያስፈልጋል፣ ይሄ ላይ ድርድር የለኝም፣ ግን ስራውን በእጁ የሚያውቅም ያስፈልጋል። ሴቶች ላይም ቢሆን እዛው አሜሪካ የተሰራ ጥናት ሴቶች ያሉበት ቦርድ የተሻለ የትርፍ ጥራት እንዳለው አሳይቷል፣ ምክንያቱን ተመራማሪዎቹ ይከራከሩበት፣ እኔ ያየሁትን ነግሬአችኋለሁ።

ህጉም አሁን በር ከፍቷል። የ1952ቱ የንግድ ህግ ዳይሬክተር ለመሆን የግድ ባለአክሲዮን ሁን ይል ነበር፣ በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ግን ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰውም ቦርድ እንዲገባ ፈቅዷል፣ እና "ሰው የለንም" የሚለው ሰበብ ቀርቷል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፣ ጡረታ የወጡ ጠንካራ ኦዲተሮች እዚሁ ከተማ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሰረት የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ሪፖርት የሚሰራው በአለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ነው፣ ይሄ ደረጃ ጥሩ ነው ግን ግምት ይበዛዋል። ባንኮችን ብቻ ብትወስዱ አሁን ተበዳሪው መክፈል እስኪያቆም አይጠበቅም፣ ወደፊት ሊደርስ የሚችለው ኪሳራ ዛሬ ተገምቶ መጠባበቂያ ይያዝለታል። ሱቁ የተዘረፈበት የኮምቦልቻ ተበዳሪ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው ግምት ነው የናንተን ዲቪደንድ የሚወስነው፣ ያንን ግምት የሚጠይቀው ደግሞ ቦርዱ ነው። አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም ጥር 2 2017 አዲስ አበባ ስራ ጀምሯል፣ ከእንግዲህ ወዲህ አክሲዮን በትርፍ ቁጥር እየታየ የሚሸጥ የሚገዛ ይሆናል፣ የተጋነነ ቁጥር አምኖ በውድ የገዛ ሰው ብሩን ማን ይመልስለታል?

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ ምክንያቱም ቦርዱን የምንወቅሰውን ያህል ቦርዱን ያስቀመጥነው እኛ ነን። ጉባኤው አዲስ አበባ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ስራ አለ፣ እና የውክልና ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ሲያገኘን ስሙን እንኳን ሳናነበው እንፈርማለን። ባዶ ቦታ ባለው ወረቀት ላይ የፈረሙ ሰዎች አውቃለሁ። እዛ ውክልና ላይ ያለው ድምፅ ነው ተሰብስቦ የቦርድ ወንበር የሚሆነው። እባካችሁ ውክልና ከመፈረማችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት፣ ማንን ልትመርጥልኝ ነው፣ ያ ሰው ከስራ አስፈፃሚው ጋር ምን ዝምድና አለው፣ ከድርጅቱ ጋር የንግድ ስራ አለው ወይ፣ ስንት ቦርድ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ስንት ስብሰባ እንደቀረም ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይገኛል። መልስ ከሌለው አትፈርሙ፣ አስር አክሲዮን ብቻ ቢኖራችሁም አትፈርሙ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ተሰባስበን እኛው የምናምነውን አንድ ሰው ወክለን ብንልክ ደግሞ የትራንስፖርቱን ለማዋጣት እኔ ዝግጁ ነኝ።

የሚቀረኝ ወረቀት አለ ግን ልተወው። ብዙዎቻችሁ የየድርጅታችሁን ዓመታዊ ሪፖርት ይዛችሁ እንድትመጡ ነግረናችሁ ነበር፣ ይዛችሁ ከሆነ አሁን አውጡት። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚለውን ገፅ ፈልጉና ከስራ የተገኘ ጥሬ ገንዘብ ከሚለው መስመር ላይ ጣታችሁን አድርጉ፣ ከዛ የዓመቱን ትርፍ አጠገቡ ፃፉት፣ የሶስት ዓመቱን ከቻላችሁ። ትርፉ በየዓመቱ እያደገ ጥሬ ገንዘቡ እየወረደ ያገኘ ሰው እጁን ያውጣ፣ ቦርዱ ውስጥ እነማን እንዳሉም የመጀመሪያዎቹ ገፆች ላይ ከነፎቷቸው አለ፣ አብረን እናየዋለን። ማይኩን ከኋላ በኩል ጀምሩልኝ።