የዳነችን ሴት ምን ይመክሯታል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በሆቴል የጽዳት ሥራ እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራ የኤልሳልቫዶር ተወላጅ ከጡት ካንሰር ታክማ ድናለች። ሐኪሟ የዘረመል ምክር ባለሙያ እንድታነጋግር ቢልካትም «ከዳንኩ በኋላ ምን ይመክሩኛል? አምላክ ያውቃል» ብላ ተወችው። ላቲኖች (የላቲን አሜሪካ ተወላጆች) በዚህ ነገር አያምኑም ማለት ነው?

መልስ፦ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። እኛ «ምክር» ሲባል ሽማግሌ ፊት ቀርቦ መገሰጽ ይመስለናል፤ የስፓኒሹም «ኮንሴሆ» ያው ምክር ነው። ባለሙያው ግን ወረቀት ዘርግቶ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ይስላል። ሴት ክብ፣ ወንድ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ካንሰር የያዘው ይጠቁራል፣ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። «በሆድ ሕመም ሞተች» ስትባል የኖረች አክስት የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ኖሮባት እንደሆነ የሚጠረጠረው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

«ላቲኖች ሁሉን ለዕጣ ፈንታ ይተዋሉ» የሚለው አባባል ለሐኪሞች የሚመች ሰበብ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ሌላ ነው። በዘር የሚወረስ ጉድለት መኖሩን ስለሚያየው የዘረመል ምርመራ የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከተነገራቸው ግን ብዙዎቹ ይፈልጉታል፤ ምክንያታቸውም በአብዛኛው ልጆቻቸው ናቸው። የሚያስቀራቸው ወደ ባለሙያው የሚልካቸው ሐኪም ማጣት፣ ወጪ፣ ቋንቋና ከሥራ መቅረት ነው። ፍርሃትም አለ፤ ለልጅ በሽታ አወረስኩ ብሎ ማሰብ ለማንም እናት ከባድ ነው።

ለባልደረባዎ ይህን ይንገሯት። ከጡት ካንሰር በዘር የሚተላለፈው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብራካ 1 (BRCA1) በሚባለው ዘረመል ላይ ጉድለት ያለባት ሴት ግን እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ የሌሎች የአሜሪካ ሴቶች 13 በመቶ አካባቢ ነው። አንዱን ጡት ታክሞ መዳን ለሌላው ጡትም ሆነ ለኦቫሪ ዋስትና አይሆንም። ምርመራው ከታመመችው ሲጀመር ደግሞ ለልጆቿ የሚገኘው መልስ ይጠራል። በነገራችን ላይ፣ በሜክሲኮ ተወላጆች ዘንድ የታወቀ አንድ የብራካ 1 ጉድለት ትልቅ የዘረመል ቁራጭ የጎደለበት ነው፤ የቀድሞው ምርመራ ያልፈው ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት «ንጹሕ ነሽ» የተባለች ሴት እንደገና ብትጠይቅ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ውጤቱን ሥራዬና ኢንሹራንሴ ቢያውቁስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስና 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች በዘረመል ውጤት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም፤ ይህን የሚደብቅ ባለሙያ ሥራውን አልሠራም።

ጥያቄ፦ ታማ የዳነችው ሴት ያሏት ልጆች ወንዶች ብቻ ከሆኑስ?

መልስ፦ ልዩነት የለውም። ጉድለቱ ለወንድም ለሴትም ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩል፣ ግማሽ በግማሽ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል የ12 ዓመት ልጇ ታስተረጉምላታለች። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጎረቤትዎ ቀጠሮ ስትይዝ አስቀድማ ትጠይቅ። ባለሙያው «ይህ ለሴት ልጅሽም ሊተላለፍ ይችላል» ሲል፣ ያንን ቃል ለእናቷ የምታስተረጉመው ያችው ልጅ ናት።