ከማሽኑ በፊት ያለው ጊዜ
በድሬዳዋ የኩላሊት ሕሙማንና አስታማሚዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የጤና ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላትና አስታማሚዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሽንሌና ከመልካ ጀብዱ በማለዳ ለተነሣችሁ፣ ከሐረር ደንገጎን ወርዳችሁ ለመጣችሁ፣ ትናንት የኩላሊት እጥበት ላይ ውላችሁ ድካሙ ሳይለቃችሁ ለተገኛችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባለፈው ጉባኤ አብረውን ተቀምጠው ዛሬ በመካከላችን የሌሉትን ለማሰብ፣ የቻልን በመነሣት፣ ያልቻልን በተቀመጥንበት አንድ አፍታ በጸሎት እንቆይ።

አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። እኔ የምናገረው ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ ለውሳኔ ስለሚያቀርበው አንድ ሐሳብ ነው። ከምንሰበስበው ከእያንዳንዱ አሥር ብር አንዱ ኩላሊታቸው መታመሙን ገና ለማያውቁ ሰዎች ምርመራ ይዋል እንላለን። ሐሳቡ ገና ከመሰማቱ ያዘኑብን አባላት አሉ። «እኛ የእጥበት መክፈያ አጥተን፣ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ምርመራ ይከፈልለታል?» ብለዋል። ጥያቄው የተገባ ነው፤ የጠየቁትም በየሳምንቱ ችግሩን በገላቸው የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ስለዚሁ ኑሯችን ጥቂት ልበል፤ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ክንዴን ለማሽን የምሰጥ ሰው ነኝና።

ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት ያሉትን 168 ሰዓታት ያለ ፋታ ደም ሲያጣራ ይውላል፣ ያድራል። በእሱ ፈንታ ደማችንን በማሽን የሚያጣራልን እጥበት በወጉ ሲሰጥ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ነው፤ ቢደመር 12 ሰዓት። በዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን ግን የምንታጠበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ያዘዘን ሐኪም የለም፤ ገንዘባችን ከዚያ አላልፍ ብሎ ነው። ቀጠሮ ሲራራቅ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። እግር ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሌሊት ተንጋሎ መተኛት አይቻልም። ከምግብ ገብቶ በደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ደግሞ አንዳች ምልክት ሳያሳይ የልብን ምት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ለሦስተኛው ቀን የምናደርገው ትግል የሚተው ነገር አይደለም።

ከተማችን የራሷ ፈተና አላት። ውኃችን ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የማይጋገርበት የድሬ ቤት የለም። አንድ ሰው በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት ላይ ወደ 120 ሊትር የሚጠጋ ውኃ በማሽኑ ውስጥ ያልፍለታል፤ ደሙንና ያንን ውኃ የሚለያቸው እጅግ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በደንብ ሳይጣራ ቢገባ ሕመምተኛውን ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ማሽን የሚለግሱ ደጋግ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ አላህ ይስጣቸው። ነገር ግን ማሽኑ ያለ ውኃ ማጣሪያው ምንም አይሠራም፤ የማጣሪያ መለዋወጫ ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው ደግሞ እስካሁን ብዙም አላየንም። እዚህ የተቀመጣችሁ የከዚራና የመጋላ ነጋዴዎች፣ ይህን ጉዳይ አደራ እላችኋለሁ።

ሙቀቱም አለ። በግንቦትና በሰኔ ጤነኛው ሰው እንኳ ውኃ ከእጁ አይለይም። እኛ ግን በቀን የሚፈቀድልን፣ ሽንት ያለን በሽንታችን ልክ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨምሮ ነው፤ ሾርባውም፣ ሻዩም፣ ሐብሐቡም ከዚያው ይቆጠራል። ጥማቱን የሚያባብሰው ጨው ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለታማሚው ጨው ያልገባበት ለብቻው ይሰናዳለት። ከሰዓት በኋላ በርጫ መቀመጥ የአገራችን ወግ ነው፤ ለመፍረድ አልቆምሁም። ነገር ግን ጫት ግፊት ይጨምራል፣ አፍም ያደርቃል፤ የደረቀ አፍ ደግሞ ውኃውንና ለስላሳውን ይጠራል። ጥቁሩ ለስላሳ መጠጥ በላዩ የደከመ ኩላሊት በሚገባ የማያስወግደው ፎስፈረስ አለበት።

ጠያቂዎችንም ልለምን። ታማሚ ልትጠይቁ ስትመጡ ብርቱካንና ሙዝ ይዛችሁ ነው፤ ፍቅራችሁን እናውቃለን። ዘይቱናውም የአካባቢያችን ጸጋ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ፖታሲየማቸው ከፍተኛ ነው። ድንች ለማብላት የፈለገ ቆራርጦ በብዙ ውኃ ይቀቅለውና ውኃውን ይድፋው።

አሁን ወደ ሐሳቡ ልመለስ።

የአባሎቻችንን ታሪክ ስሰማ አንድ ነገር ይደጋገማል። ብዙዎቹ ኩላሊታቸው መታመሙን የሰሙት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። በሰሙበት ዕለት አንገታቸው ላይ የእጥበት ቱቦ ገባ፤ በዚያው ሳምንት ቤተሰብ ወርቁንም ከብቱንም ሸጠ። የኩላሊት ድካም ግን በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። አብዛኛው የኩላሊት አቅም እስኪጠፋ ድረስ ሰውነት ዝም ይላል፤ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ያንን ዝምታ የሚገልጡት ምርመራዎች ደግሞ ውስብስብ አይደሉም፤ የደም ግፊት መለካት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ማየት፣ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደውን ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደም መለካት። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ቢያደርጋቸው፣ ችግሩ ሲገኝ ስኳሩንና ግፊቱን በሚገባ በመቆጣጠር፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉትን የግፊት መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ በመውሰድ ብዙ ዓመት ሊያተርፍ ይችላል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት በየጊዜው የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደከመ ኩላሊትን እንደሚጎዳም የሚነግረው ሰው ያገኛል።

ኩላሊቱ መድከሙ የማይቀር ቢሆን እንኳ ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ልዩነት አለው። ክንድ ላይ ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ሥር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና፣ ፊስቱላ የምንለው፣ ለአገልግሎት እስኪደርስ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። በአንገት ቱቦ ከሚመጣው የደም መመረዝ ያድናል። በድንገተኛ የመጣ ሰው ግን ይህ ጊዜ የለውም። ቀድሞ ያወቀ ሰው ደም ሲቀዳለት የክንዱን ሥር አስጠብቆ በመዳፉ ጀርባ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ይከተባል፤ ከቤተሰቡም ጋር ተረጋግቶ ይመካከራል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ያኔም የተጀመረው በሕይወት ካሉ የቤተሰብ ለጋሾች በሚገኝ ኩላሊት ነው። ወንድምና እህት ሳይጨነቁ የሚያስቡበት፣ የሚመረመሩበት፣ ካልፈለጉም ያለ ሐፍረት እምቢ የሚሉበት ጊዜ ያስፈልጋል። ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በአንገቱ ቱቦ ይዞ የሚንከራተት ሰው ይህን ሁሉ ማሟላት ይከብደዋል።

ከአሥር አንዱን ብር ስንወስድ ከማን እንደምንወስድ አውቃለሁ፤ ከራሴም ነው። ይህ ብር ሊገዛው የሚችለው የእጥበት ቀን እንዳለም አውቃለሁ። ነገር ግን በየወሩ አዲስ ቤተሰብ በሩን ያንኳኳል፤ የምንሰበስበው በዚያ ልክ አያድግም። ወደ ማሽኑ የሚመጣውን ሰው ቁጥር ካላዘገየን፣ የሁለት ቀኑ እጥበት ነገ አንድ ቀን እንዳይሆን እፈራለሁ። ለዚህ ነው እኔ ድጋፌን የምሰጠው። የማትስማሙ አባላት ሐሳባችሁን ሳትቆጥቡ ተናገሩ፤ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉም ከተሰማ በኋላ ነው። ተራ ሲያዝ ሁለት ጊዜ የሚታጠቡ አባላት ይቅደሙ።

ውሳኔው ከጸደቀ የመጀመሪያውን ምርመራ የዓለም የኩላሊት ቀን በሚከበርበት፣ በፈረንጆች ማርች ሁለተኛ ሐሙስ፣ ሰው በሚበዛበት ገበያ አካባቢ እናደርጋለን።

አስታማሚዎች፣ እናንተን ማንም አይመረምራችሁም። ነርሶቻችን በአዳራሹ በስተቀኝ የግፊትና የስኳር መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል፤ በሻይ ሰዓት ሳትለኩ እንዳትወጡ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን ሪፖርቱን ያቅርብ።